ሰባት ቀን የቀደመው ፋሲካ

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው፤ አንድ ተማሪ ልጅ በእርሳስና በኮምፒውተር የሠራው የዘመን መቍጠሪያ ነው። ነገር ግን ከሆነበት ቀን ጀምሮ ከልቤ ስላልወጣ፥ ይልቁንም በነገሩ ውስጥ እኔ ራሴ የሠራሁት ጥፋት ስላለበት፥ ደብቄ ከምይዘው ጽፌ ለአንባቢ ባቀርበው ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

እኔ አርባ ዓመት ያህል ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ በ2010 ዓ. ም. በጡረታ የተገለልሁ መምህር ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ከልጅ ልጆቼ ያነሰ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በ2017 ዓ. ም. በሰኔ ወር፥ በምኖርባት ከተማ ባለ በአንድ ትምህርት ቤት፥ ተማሪዎች በኮድ የሠሯቸውን ሥራዎች የሚያሳዩበት ውድድር ተዘጋጀና አዘጋጆቹ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንድሆን ጠየቁኝ። «እኔ ኮድ አላውቅምና ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላቸው፥ «ኮዱን ሁለቱ ወጣቶች ያዩታል፤ እርስዎ ሒሳቡን ይዩልን» ብለው መለሱልኝ። ሽማግሌ በመካከል ሲቀመጥ ለጉባኤው ግርማ ይሰጣል ብለው ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ፤ ሆኖም እሺ አልሁ።

የማላውቀውን ነገር እንዳልዳኝ ፈርቼ ከውድድሩ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል አነበብሁ፤ ወጣቶቹን ዳኞችም እየጠየቅሁ አስቸገርኋቸው። ከዚያ ያገኘሁትን በጥቂቱ ልንገር።

ኮድ ማለት ኮምፒውተር የሚታዘዝበት የትእዛዝ ጽሕፈት ነው። ኮምፒውተር እጅግ ታዛዥ፥ ነገር ግን ፈጽሞ የማያስተውል ሎሌ ነው፤ ውሃ ቅዳ ቢሉት፥ እንስራ ያዝ ካላሉት፥ ባዶ እጁን ወንዝ ወርዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ አዛዡ የሚፈልገውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር በቅደም ተከተል ማዘዝ አለበት። ይህ ለልጆች እንዲቀልላቸው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ሊቃውንት በ2007 እ. ኤ. አ. ስክራች የሚባለውን አወጡ፤ በእርሱ ልጁ ትእዛዙን በፊደል መጻፉን ትቶ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ብሎኮችን እንደ መጫወቻ እየገጣጠመ ያዝዛል። ብሎኮቹ ላይ ያለውን ጽሕፈት አማርኛ ማድረግም ይቻላል። ከዚህ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሲሞር ፓፐርት በ1967 እ. ኤ. አ. ከባልንጀሮቹ ጋር ሎጎ የሚባለውን የልጆች ቋንቋ ሠርቶ ነበር። የዚህ ሰው ሐሳብ ደስ አሰኘኝ። ልጅ ኮምፒውተሩን ሲያስተምር የራሱን አስተሳሰብ ይመረምራል፤ ስሕተት ሲገኝም የሚያፍሩበትና የሚሰርዙት ነገር ሳይሆን ተቀምጠው የሚመረምሩት ዋና ትምህርት ነው የሚል ነው። ይህን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፤ ከሥሩም መስመር አሰመርሁበት። አንባቢ ይህችን መስመር ያስታውስልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

በሌሎች አገሮች ያሉ ልጆች የሠሩትንም አየሁ። በአየርላንድ በኮርክ ከተማ በ2011 እ. ኤ. አ. ልጆች በነጻ ኮድ የሚማሩበት ኮደርዶጆ የሚባል ማኅበር ተመሠረተ፤ በሚከተለው ዓመትም ልጆቹ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ኩለስት ፕሮጀክትስ የሚባል ትዕይንት በደብሊን ተጀመረ። በ2015 እ. ኤ. አ. ደግሞ ኤድና ኢዚ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልከው፥ በእንግሊዝ አገር ውድድር ያሸነፉ ተማሪዎች የጻፉት ኮድ እዚያ እንዲሠራ ተደረገ። ከአሸናፊዎቹ መካከል የአንደኛ ደረጃ ልጆች ነበሩ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፤ ሰው ሲተነፍስና ሲያልበው በአጠገቡ ያለው አየር ይረጥባል፤ እንግዲህ የአየሩ እርጥበት ድንገት ከጨመረ ሰው ቀርቧል ማለት ነውና፥ ኮምፒውተሩ በመብራቱ ላይ ፊደል እያሳለፈ «ሰው አለን?» ብሎ ይጠይቅ። ሌሎች ልጆች ደግሞ ጣቢያው በየትኛው አገር ላይ እንዳለ አስልቶ የዚያን አገር ባንዲራ የሚያሳይ ሠሩ። ጣቢያው ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ የሚዞር ስለ ሆነ ባንዲራው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።

ከአፍሪካ ግን ልቤን የነኩት ሁለት ናቸው። በ2017 እ. ኤ. አ. በኬንያ በኪሱሙ ከተማ ያሉ አምስት ልጃገረዶች፥ ግርዛት የሚያሰጋት ልጅ በስልኳ ረዳት የምትጠራበትን፥ መጠጊያና የሕግ እርዳታ የምታገኝበትን አይ-ካት የሚባል መተግበሪያ ሠርተው ቴክኖቬሽን በሚባለው የልጃገረዶች ውድድር ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። በ2018 እ. ኤ. አ. ደግሞ በናይጄሪያ የአናምብራ ልጆች የሆኑ አምስት ልጃገረዶች፥ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ያለውን የመስመር ምልክት በስልክ አንብቦ ሐሰተኛውን መድኃኒት ከእውነተኛው የሚለይ ሠርተው፥ በዚያው ውድድር ከታናናሾቹ ክፍል አንደኛ ወጡ። እነዚህ ልጆች ሩቅ አልሄዱም፤ የገዛ ደጃቸውን ችግር ነው የያዙት።

የእኛም ከተማ ልጆች እንደዚያው ነበሩ። ቅዳሜ ጧት ወደ አዳራሹ ስገባ ሃያ ያህል ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ከሰዓት አስቀድሞ መብራት ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ተቀመጥን፤ ልጆቹ ግን ያልተጠበቀ ነገር እንዳልሆነባቸው ዐውቄ ሣቅሁ፤ የሚበዙት ባትሪ አዘጋጅተው መጥተዋልና። ሁለት ወንድማማቾች ገበጣ የሚጫወት ፕሮግራም ሠርተው፥ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ስለሚያሸንፋቸው ማን ነው እንዲህ ጎበዝ ያደረገው እያሉ ሲጣሉ አገኘኋቸው። አንድ ትልቅ ልጅ ደግሞ ማናቸውንም ጥያቄ የሚመልስ ነው ብሎ ያማረ ነገር አቀረበ፤ በአማርኛ ብጠይቀው የመለሰልኝን ግን ምን ቋንቋ ነው ልበለው?

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ በጠረጴዛዋ ላይ ባልዲ አስቀምጣ ቆማለች። በሰፈሯ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ ሰዓቱም አይታወቅም። እናቷ የቧንቧውን ድምፅ ለመስማት በግማሽ ጆሮ ይተኛሉ። ልጅቱ ከተሰበረ ራዲዮ የመዳብ ሽቦ ወስዳ ሁለት ጫፍ በባልዲው ውስጥ ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋ አሠረች። ቧንቧው ማታ ተከፍቶ ይተዋል፤ ውሃው መጥቶ ሁለቱን ሽቦዎች ሲያገናኝ አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ያውቅና ደወል ይደውላል። ከዳኞቹ አንዱ «ባልዲው ሞልቶ ቢፈስስሳ?» ቢላት፥ «ሽቦውን ታች ያደረግሁት ለዚያ ነው፤ ሳይሞላ እናቴ ትነሣለች» አለች። እኔ ደግሞ ሽቦው በውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየሄደበት ቶሎ እንደሚበላ ዐውቅ ነበርና ጠየቅኋት። «የመጀመሪያው ተበልቶብኛል» አለች፤ «አሁን ኤሌክትሪኩን ሁልጊዜ አልሰድበትም፤ በየዐሥር ሴኮንዱ ለቅጽበት ብቻ ሰድጄ ውሃ መኖሩን ካየሁ በኋላ አቋርጠዋለሁ።» ውሃ የመጣበትንም ሰዓት ሁሉ መዝግባ በሦስት ሳምንት መዝገብ የሚመጣበትን ሌሊት ለመገመት ትሞክር ነበር። ግምቱ ገና ደካማ ነበር፤ ያለ ማፈርም ነገረችን።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ስሙን አልጽፍም። ዕድሜው 14 ነው፤ ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ ጋር እየኖረ 8ኛ ክፍል ይማራል። በጠረጴዛው ላይ ጌጥ የሚባል ነገር የለም፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርና በእርሳስ የተሞላ አንድ ደብተር ብቻ። በቤቱ ኮምፒውተር ስለሌለው ትእዛዙን በደብተሩ ላይ እየጻፈ ካሰበ በኋላ፥ በትምህርት ቤቱ ተራው በደረሰ ጊዜ ወደ ስክራች ያገባዋል። «የሠራሁት ባሕረ ሐሳብ ነው» አለ። «አያቴ መሪጌታ ናቸው፤ በጣታቸው ሲቈጥሩ አይቼ ነው።»

የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያወጣውን ይህን ቍጥር አበው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጡታል። የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አብዛኛው ያውቀዋል፤ ላላወቀው ግን በኋላ የሚመጣው ነገር እንዲገባው ልጁ እንዳስረዳን አድርጌ ልጻፈው።

«በ5500 ላይ 2017ን ስንደምር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ስናካፍለው 12 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ትተን 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው 1 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው 29 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተሳስተናል። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰም በጥቅምት። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 ከ4 ጋር 33 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ ከዚያ 69 ስንቈጥር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።»

ይህን ሲናገር ዓይኖቹ በእኛ ላይ ነበሩ፤ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ግን በሌሎቹ ጣቶቹ አንጓ ላይ ይመላለስ ነበር። አያቱን አላየኋቸውም፤ በዚያ ጣት ግን ያየኋቸው መሰለኝ።

ከዳኞቹ አንዱ የሚመጣውን የ2018ን ፋሲካ ጠየቀው፤ ሚያዝያ 4 ቀን አለ፤ በስልኩ አረጋግጦ ልክ ነው አለ። እኔ ደግሞ የ2005ን ጠየቅሁት። ይህን ዓመት የመረጥሁት ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ ሴት ልጄን የዳርሁት በዚያ ዓመት በዳግማ ትንሣኤ፥ ግንቦት 4 ቀን ስለ ነበረ ቀኑን አልረሳውም። ልጁ ዓመቱን ጻፈ፤ ኮምፒውተሩም ዓይን ሳይርገበገብ ሚያዝያ 27 ቀን አለ። ልክ ነው፤ ሰባት ቢጨመርበት ግንቦት 4 ነው። ከፋሲካው በላይ አበቅቴውና መጥቅዑ ተጽፈው ነበር፤ እኔ ግን የሠርጉን ቀን ስላገኘሁ ወደ እነርሱ አልተመለከትሁም። ከመቶው ነጥብ 40ው ለትክክለኛነት የተመደበ ነበር፤ አርባውን በሙሉ ሰጠሁት። ማታ ሦስታችን ነጥቡን ስንደምር ልጁ አንደኛ፥ የውሃዋ ልጅ ሁለተኛ ሆኑ። ለአንደኛው የተዘጋጀው ሽልማት ላፕቶፕ ነበር። በቤቱ ኮምፒውተር ለሌለው ልጅ ስለሚደርስ ደስ እያለኝ ገባሁ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልጁን በበራፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤቴን እንዴት እንዳገኘው አላውቅም። ደብተሩን በብብቱ ይዟል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«ጋሼ፥ የሠራሁት ተሳስቷል» አለኝ።

ማታ በደስታ ለአያቱ ደውሎ ዳኞቹ ምን እንደ ጠየቁት ሲነግራቸው፥ መሪጌታ የፋሲካውን ቀን ትተው «የ2005ን አበቅቴ ስንት አለልህ?» ብለው ጠየቁት። «19» አላቸው። «እንግዲያው ተሳስቷል፤ 18 ነው» አሉት። «ፋሲካው ግን ልክ ነው እኮ አባባ» ቢላቸው፥ «ፋሲካው ልክ የሆነልህ በዕድል ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2005 በዓመተ ዓለም 7505 ነው፤ ይህም ለ19 ሲካፈል አንዳች አይተርፍም። ሊቃውንቱ ትራፊ በሌለበት ዓመት 19 እንደ ተረፈ ቈጥረው፥ አንዱን ስለ ዘመኑ ትተው ወንበሩን 18 ያደርጉታል። የልጁ ኮምፒውተር ግን ይህን ያዘዘው ስለሌለ ከዜሮ አንድ ቀንሶ ከዜሮ በታች አንድ አለው። ይህ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 19፥ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ 11 ይሆናል። መሆን የነበረበት ግን አበቅቴው 18፥ መጥቅዑ 12 ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የተሳሳቱት ሁለቱም ሲደመሩ 30 መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ልጁ ለመቈጣጠሪያ ያኖረው ሕግም አላጋለጣቸውም። ከወጣቶቹ ዳኞች አንዱ በኋላ እንደ ነገረኝ፥ በአንዳንዶቹ የኮድ ቋንቋዎች ቢሆን ኖሮ ከዜሮ በታች ያለው ቍጥር ሲገደፍ እንዲሁ ከዜሮ በታች ሆኖ ይቀርና ስሕተቱ ያን ጊዜውኑ ይታይ ነበር፤ ስክራች ግን ወደ ላይ መልሶ ደህና ቍጥር አስመስሎ ያቀርበዋል።

ፋሲካውስ ስለ ምን ልክ ሆነ? በ2005 ጥቅምት 12 ቀን ሰኞ ነበር፤ የሰኞ ተውሳክ 6 ስለ ሆነ 18 ይመጣል። በተሳሳተው ቍጥር ጥቅምት 11 ቀን እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለ ሆነ ያም 18 ይመጣል። ተውሳክ ከቀን ወደ ቀን አንድ አንድ እየቀነሰ ስለሚሄድ የአንድ ቀን ስሕተት በውስጡ ይሰወራል፤ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ግን ከ2 ወደ 8 ይዘላልና ያን ጊዜ የተሰወረው ይገለጣል። ልጁ ይህን በሌሊት በደብተሩ ላይ በእጁ ሠርቶታል። ከ1900 እስከ 2100 ዓ. ም. ትራፊ የሌለባቸውን ዐሥራ አንዱን ዓመታት ሁሉ አንድ በአንድ ፈትኖ፥ ዐሥሩ ደህና ሆነው አንዱን አገኘ። በ2043 ዓ. ም. ጥቅምት 12 ቀን ቅዳሜ ይውላል። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 29 ቀን ነው፤ የእርሱ ኮምፒውተር ግን ሚያዝያ 22 ይላል። ሰባት ቀን ቀደመ።

ደብተሩን ተቀብዬ ገጽ በገጽ ተመለከትሁት። ስሕተት አላገኘሁበትም። እውነቱን ለመናገር፥ በአርባ ዓመት ማስተማር ውስጥ እንደዚህ ያለ የተማሪ ሥራ በእጄ የያዝሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህንኑ ልነግረው ይገባኝ ነበር። የነገርሁት ግን ሌላ ነው።

«ልጄ፥ 2043 ሩቅ ነው» አልሁት። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሽልማቱ ይሰጣል። ነጥቡ ተደምሮ አልቋል። ዝም በልና ሽልማትህን ተቀበል፤ ነገ በገዛ ላፕቶፕህ ተቀምጠህ ታርመዋለህ። አንዲት ብሎክ ናት።»

እርሱም ጥቂት ቆሞ፥ «እሺ ጋሼ» ብሎ እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

ለምን እንዲህ እንዳልሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ስለ ልጁ አዝኜ ነበር፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በታች ሌላ ነገር ነበረ። አርባ ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ «ሒሳቡን ይዩልን» የተባልሁትም እኔ ነኝ፤ አበቅቴው በዓይኔ ፊት ተጽፎ ሳለ ያላየሁትም እኔው ነኝ። ልጁ ዝም ቢል የሚሰወረው የእርሱ ስሕተት ብቻ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ከሦስተኛ እስከ አንደኛ ያሉት ሥራቸውን በሕዝብ ፊት እንዲያሳዩ ተጠሩ፤ ደረጃቸው ገና አልተነገራቸውም። ልጁ ወጣ፤ 2017ን ጻፈና ፋሲካውን አሳየ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ከዚያም ያለ ማንም ትእዛዝ 2043 ብሎ ጻፈ። ሚያዝያ 22 የሚለው በትልቁ ሸራ ላይ ወጣ። «ይህ ስሕተት ነው» አለ። «ትክክለኛው ሚያዝያ 29 ነው። ትራፊው ዜሮ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ለኮምፒውተሩ አልነገርሁትም ነበር። ያገኙት አያቴ ናቸው።» ይህን ብሎ ወረደ። በጧት ወደ ቤቴ መምጣቱን አልተናገረም፤ ወደ እኔም አልተመለከተም።

አጨብጫቢው ጥቂት ነበር፤ የሚበዛው ሰው ነገሩ አልገባውም። ሦስታችን ዳኞች ወደ ጓዳ ገባን። አንደኛው ወጣት «እንዲያውም ነጥብ ይጨመርለት፤ ስሕተቱን ራሱ ማግኘቱ ከሥራው ይበልጣል» አለ። ሁለተኛው የተጻፈውን ሕግ አውጥቶ፥ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጥ ፕሮግራም ከትክክለኛነት ነጥብ እኩሌታውን ያጣል የሚለውን አነበበ። ነገሩ በእኔ ድምፅ ላይ ወደቀ። እኔም በሕጉ ፈረድሁ። ሃያ ነጥብ ተቀነሰና የውሃዋ ልጅ አንደኛ ሆነች። እንዲህ ስፈርድ ድምፄ የረጋ ነበር፤ ሁለቱም አከበሩኝ።

የልጅቱ ሥራ ሽልማቱ አይገባውም አልልም፤ ይገባዋል፤ በዚያች ከተማ ከባሕረ ሐሳብ ይልቅ የሌሊት ውሃ የሚያሳስባቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ሕጉም ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያች ጓዳ የፈረደው ሕጉ ብቻ ነበርን? ወይስ በጧት የመከርሁትን በሕዝብ ፊት ስላፈረሰብኝ በልጁ ላይ የመጣብኝ ንዴት አብሮ ፈርዷል? ብዙ ብመረምረውም ሁለቱን ለያይቼ ማውጣት አልቻልሁም። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ከሥሩ መስመር ያሰመርሁበት ማስታወሻ በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለልጁ የደረሰው ቦርሳና የምስክር ወረቀት ነው። ሰኞ በትምህርት ቤቱ ተራውን ጠብቆ ፕሮግራሙን አረመ፤ ወጣቱ ዳኛ አሳየኝ። «ትራፊው 0 ከሆነ ወንበሩ 18 ይሁን» የምትል አንዲት ብሎክ ተጨምራለች።

በሐምሌ ወር የመሪጌታን ስልክ ከልጁ ተቀብዬ ደወልሁላቸው። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ነገር ግን ቍጥር ሲነሣ ይበረታል። ስለ ልጁ ብዙ አመሰገንሁ፤ እርሳቸውም ሣቁ። «በዜሮው ላይማ ማን ያልወደቀ አለ?» አሉኝ። «እኔም በልጅነቴ እዚያው ወድቄ፥ የኔታ ሦስት ቀን ሌላ ቍጥር እንዳልቈጥር ከለከሉኝ፤ በዜሮው ላይ እንድቀመጥ።» ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ያን ዕለት ሌሊት፥ ነገሩን ወደ ማን ልውሰደው ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ሒሳብ ወደሚያውቁት ሽማግሌ ዳኛ ሂድ ብዬው ነበር። መጥቶ ነበርን?»

«አዎን መጥቶ ነበር» አልኋቸው።

«ምን አሉት?»

«ደግ አድርገሃል፥ ሄደህ ተናገር አልሁት» ብዬ መለስሁላቸው።

መሪጌታ መረቁኝ። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ እኔም ስልኩን በጆሮዬ እንደ ያዝሁ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ልጁ እንደ ነገረኝ ይህ ጋዜጣ በየሳምንቱ ወደ አጥቢያቸው ይደርሳል፤ መሪጌታም ዓይናቸው ስለ ደከመ ሌላ ሰው ያነብላቸዋል።